የተረኛው ሐኪም ዕውቀት፦ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ላይ የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት ለተገልጋዩ ምን ያስገኛል?

በሆስፒታል ደጃፍ የሚቆም ተገልጋይ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። አልጋ አለ ወይ? የታዘዘው መድኃኒት ከውስጥ ይገኛል ወይስ ከውጭ ይገዛል? ሪፈር የሚጻፈው ወዴት ነው? ከእነዚህ የማያንስ ክብደት እያለው እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚያች ሰዓት ታማሚውን የሚቀበለው ተረኛ ሐኪም ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ ባሉት ዓመታት ምን ተምሯል የሚለው ነው።

ጥያቄው በማንኛውም የሕክምና ዘርፍ ተገቢ ቢሆንም በድንገት በጠና ለታመመ ሰው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ለዓመታት የቆየ የጉልበት ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪሙ መጽሐፍ አገላብጦ፣ የሥራ ባልደረባውን አማክሮ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮ ሊያየው ይችላል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደሙ የሚፈስ ወይም ራሱን የሳተ ታማሚ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ሐኪሙ በዚያች ሰዓት የሚሠራው በእጁና በአእምሮው ባለው ብቻ ነው። ስለዚህ የሐኪሞች ተከታታይ ትምህርት በባለሙያውና በአሠሪው መካከል የሚያልቅ የሰው ኃይል አስተዳደር ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ውጤቱ የሚታየው በታማሚው አልጋ ላይ ነውና።

ጽኑ ሕሙማን የሚገኙት የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መነሻ ይሆናል። በ22 የአፍሪካ አገሮች፣ በ180 ሆስፒታሎች ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕሙማንን የተመለከተው ይህ ጥናት፣ ከስምንት ታካሚዎች አንዱ ሕይወቱን ለአደጋ በሚያጋልጥ ጽኑ ሕመም ላይ እንደነበር አሳይቷል። ከእነዚህ ጽኑ ሕሙማን መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይታከሙ የነበረው በመደበኛው የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን መከታተያ ክፍል አልገቡም። ከአምስቱ አንዱ በሰባት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። ትንፋሻቸው ከደከመባቸው ሕሙማን ኦክሲጅን ያገኙት ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ጽኑ ሕሙማኑ የተኙበትን ቦታ የሚያመለክተው ነው። ስለ ጽኑ ሕመም ሲወራ በብዙዎች ዘንድ በቅድሚያ የሚታሰበው መሣሪያ የተደረደረበት ልዩ ክፍልና ለዚያ የሠለጠነ ስፔሻሊስት ነው። በተግባር ግን በጠና የታመመው ሰው በአብዛኛው የሚገኘው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት ወይም በማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ቀለል ያለ ሕመም ካላቸው ታካሚዎች ጎን ነው። ሁኔታው እየከፋ መሆኑን ቀድሞ ማየት የሚገባውም የዚያ ክፍል ሐኪምና ነርስ ናቸው። እንግዲህ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ለድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ብቻ ቢሰጥ ከሕሙማኑ አብዛኞቹን አይደርስም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በምሥረታው የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያቋቋሙት ፒፕል ቱ ፒፕል የተባለ ድርጅት ተሳትፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ከሦስት ዓመት በኋላ ወጡ። ለድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሶችም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ደግሞ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም አንድ ስፔሻሊስት ለማፍራት ከጠቅላላ ሕክምና ምረቃ በኋላ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የተመረቁትም በብዛት የሚገኙት በትላልቅ ከተሞች ነው። በወረዳ ደረጃ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሌሊት ላይ የሚገኘው ጠቅላላ ሐኪሙ፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ የጤና መኮንን፣ ነርሱ፣ አዋላጇና የሰመመን ባለሙያው ናቸው። ከገጠር በሰው ሸክም ወይም በባጃጅ የመጣው ታማሚ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እስኪላክ ድረስ በሕይወት መቆየቱ የሚወሰነው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ተከታታይ ትምህርት ከሁሉ በፊት መድረስ ያለበትም ወደ እነርሱ ነው።

ትናንት ትክክል የነበረው

ሐኪም ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ ከወጣ በኋላ ለምን እንደገና መማር ያስፈልገዋል የሚል ተገልጋይ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ የሚያስረዳው ሕዝቡ ‹‹ግሉኮስ›› እያለ የሚጠራው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ታሪክ ነው።

በጠና ታሞ፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፣ የደም ዝውውሩ ደክሞ ለመጣ ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነትና በብዛት መስጠት ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍትም በመመሪያዎችም የሚታዘዝ ሕክምና ነበር። ነገሩ ለአእምሮም ይቀርባል፤ የደም ዝውውር ከደከመ ቱቦውን መሙላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ሆስፒታሎች በ3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገ ፊስት የተባለ ጥናት ውጤት ሲወጣ ግን የሕክምናው ዓለም ተደናገጠ። ከፍተኛ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ከተዳከመ ሕፃናት መካከል ፈሳሹ በፍጥነትና በብዛት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓታት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10.6 እና 10.5 ሲሆኑ፣ በዝግታ ከታከሙት መካከል የሞቱት ከመቶ 7.3 ነበሩ። ሁለት ቁጥር የተሰጠው ሁለት ዓይነት ፈሳሾች ስለተሞከሩ ነው፤ ሁለቱም ጎዱ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ በ209 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ታካሚዎቹ ኢንፌክሽን በደም ተሰራጭቶ የደም ግፊታቸው የወደቀባቸው ሲሆኑ አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ነበሩ። በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች በሚሠራበት ሥርዓት መሠረት ፈሳሽ በብዛት ከተሰጣቸው መካከል 48.1 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ በመነሣት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጎጂ ነው ብሎ መደምደም ከባድ ስሕተት ነው። በተቅማጥና ትውከት ፈሳሹ ለተሟጠጠበት ሕፃን፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት አዳኝ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካው ጥናትም የተቅማጥ ሕሙማንን አላካተተም። ቁም ነገሩ ለማን፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት የሚለው ነው። መልሱም የተገኘው በአፍሪካ ሆስፒታሎች፣ የደም ማነስ፣ ወባና የምግብ እጥረት በሚበዛበት፣ የመተንፈሻ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ሁኔታ ነው። ከ2011 በፊት ተመርቆ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተማረ ሐኪም፣ በቅን ልቡናና በሙሉ ትጋት፣ በተማረው መሠረት ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ‹‹ለምን ግሉኮስ አይተከልለትም?›› ብለው የሚቆጡ ቤተሰቦችም ጫናውን ይጨምሩበታል። ትምህርቱን የተከታተለ ሐኪም ቢያንስ ለምን እንዳልተከለ ማስረዳት ይችላል።

ዕውቀት በፍጥነት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየ አጋጣሚም አለ። የኮቪድ 19 የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሰኔ ወር በእንግሊዝ የተካሄደ ጥናት ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያና በኦክሲጅን የሚረዱ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በዚያው ወር መድኃኒቱ ለእነዚህ ሕሙማን እንዲሰጥ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ለመደበኛው ጊዜ የሚያስፈልገው ይህንኑ ፍጥነት ያለ ወረርሽኝ ማስለመድ ነው።

እጅም ይረሳል

የዕውቀት ማርጀት አንዱ ገጽታ ነው። ሌላው የእጅ ሙያ መድከም ነው። ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ ማነቃቃት፣ መተንፈስ ያቆመን ጨቅላ በአምቡ ባግ አየር መስጠት፣ የአየር ቧንቧን መክፈት በየዕለቱ የማይሠሩ ተግባራት በመሆናቸው ከስልጠናው በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ጥራታቸው እየወረደ እንደሚሄድ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት አይደበዝዝም፤ እጁ ግን ይረሳል። የሥራ ልምድ ብቻውን ይህን ክፍተት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ ከተመለከታቸው ጥናቶች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ በሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ሐኪሞች የሚሰጡት ሕክምና ከአዳዲስ መመሪያዎች ጋር ያለው ስምምነት እየቀነሰ ሄዷል። ግኝቱ አንጋፋ ሐኪሞችን ዝቅ ለማድረግ የሚጠቀስ አይደለም፤ ታማሚን አይቶ የመረዳት ችሎታቸው በወረቀት ጥናት የሚለካ አይደለምና። ነገር ግን ‹‹ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ›› የሚለው ቃል በራሱ በቂ ማስረጃ ሆኖ መወሰድ እንደሌለበት ያሳያል።

ጉድለቱ የድኻ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ ሁለት ሆስፒታሎች ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 100 ታካሚዎች ወደዚያ ከመግባታቸው በፊት ያገኙት ሕክምና ሲመረመር፣ ገምጋሚዎቹ በደንብ ታክመዋል ብለው የተስማሙት በ20 ሰዎች ላይ ብቻ ነበር፤ 54ቱ ተገቢውን ሕክምና አላገኙም። የታዩት ጉድለቶች ውስብስብ አልነበሩም፤ ኦክሲጅን በአግባቡ አለመስጠት፣ የአተነፋፈስና የደም ግፊት ለውጥን አለመከታተል፣ በላይ ያለን ሐኪም በወቅቱ አለመጥራት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለመደበኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች የሚሰጡ፣ እየከፋበት የሚሄድን ታማሚ ቀድሞ ስለማወቅ የሚያስተምሩ አጫጭር ኮርሶች ተስፋፉ።

የትኛው ትምህርት ይጠቅማል?

ተከታታይ ትምህርት ሁሉ እኩል አይደለም። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ግምገማ፣ ስብሰባና ዐውደ ጥናት የባለሙያውን አሠራር በመካከለኛ ግምት በ6 በመቶ ያህል እንደሚያሻሽል አግኝቷል። ውጤቱ ዜሮ አይደለም፤ የሚያኩራራም አይደለም። ንግግርና ተሳትፎ ያለበት ስልጠና ቁጭ ብሎ ከማዳመጥ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ የላቀ ውጤት የታየው ትምህርቱ ከአሠራር ለውጥ ጋር ሲጣመር ነው። በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምና ክፍል ሠራተኞች ድንገተኛ ሕሙማንን ስለመለየት ሠለጠኑ፤ የተመላላሽ ክፍሉም በጠና የታመመው ሕፃን ወዲያው እንዲታይ ተደርጎ ተደራጀ። ከ10 በመቶ በላይ የነበረው ተኝተው የሚታከሙ ሕፃናት ሞት ወደ 6 እና 8 በመቶ መካከል ወረደ። አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የተለወጠው ማን መጀመሪያ ይታይ የሚለው ውሳኔና ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው ዕውቀት ነው።

ሌላው በቅርቡ የተገኘ ማስረጃ የእናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ኢሞቲቭ የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን ከ200,000 በላይ ወላዶችን አካትቷል። ጥናቱ ያስተዋወቀው አሠራር ቀላል ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በዓይን ግምት መለካቱ ቀርቶ መስፈሪያ ባለው ፕላስቲክ ይለካል፤ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍም ማሕፀን ማሸት፣ መድኃኒቶች፣ ፈሳሽና ምርመራ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ። ባለሙያዎቹ በየሥራ ቦታቸው ሠለጠኑ፤ ውጤታቸውም በየጊዜው ተመልሶ ይነገራቸው ነበር። ከባድ የደም መፍሰስን፣ በዚሁ ምክንያት የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናንና ሞትን አንድ ላይ የሚለካው ውጤት በ60 በመቶ ቀነሰ። እንዲህ ያለ ቁጥር በሕክምና ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና ከዓለም አቀፉ የድንገተኛ ሕክምና ፌዴሬሽን ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ኮርስም በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው። ትኩረቱ የአደጋ ጉዳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደም ዝውውር መውደቅና የንቃት መለወጥ ናቸው። ሐኪሙም ነርሱም ጤና መኮንኑም አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይማራሉ፦ በቅድሚያ የአየር ቧንቧ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ከዚያ የደም ዝውውር፣ ከዚያ ንቃት፣ በመጨረሻም ልብስን ገልጦ መላ ሰውነትን ማየት። ቅደም ተከተሉ የበሽታው ስም ከመታወቁ በፊት ቶሎ የሚገድለውን ቀድሞ ለመያዝ ያስችላል። የትምህርቱ ትልቁ ጥቅም ምናልባት የጋራ ቋንቋ መፍጠሩ ነው፤ ሌሊት ነርሷ ሐኪሙን ስትጠራ ‹‹ታማሚው አላማረኝም›› ከማለት ይልቅ አተነፋፈሱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ስንት እንደሆነ ትነግረዋለች፤ እርሱም መሮጥ እንዳለበት ያውቃል።

በአገራችን ያለው አሠራርና ፈተናው

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ጋር እንዲተሳሰር ተደርጓል። ባለሙያው እውቅና ባላቸው አሠልጣኞች የሚሰጡ ስልጠናዎችን ወስዶ የሚሰበስበው ነጥብ ለእድሳቱ ማስረጃ ይሆናል። አሠራሩ መልካም መሠረት ነው፤ ነጥብ መሰብሰብና መማር ግን ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ለድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም በማንኛውም ርዕስ ነጥቡን ሊያሟላ ይችላል፤ ጨቅላን ማነቃቃትን በእጁ ከሞከረ ስንት ዓመት እንደሆነው ግን ከነጥቡ ድምር አይታወቅም።

ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢሆንም የአበል ጉዳይም መነሣት አለበት። ስልጠና ማለት ከሥራ ቦታ ርቆ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በውሎ አበል የሚካሄድ ነገር ሆኖ ሲለመድ፣ ተሳታፊው የሚመረጠው በተራ ይሆናል እንጂ በሥራው ፍላጎት አይሆንም። ሦስት ሐኪሞች ብቻ ካሉት ሆስፒታል አንዱ ለሳምንት ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ወረፋው ይረዝማል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተገልጋዩ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶች ሐኪሙን ከቦታው ባለማንቀሳቀሳቸው ይህን ችግር ያቃልላሉ። ይሁንና መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ትምህርቱም ይቆራረጣል፤ ደግሞም ደረት መጫን በስክሪን አይለመድም።

ስለዚህ ለድንገተኛ ሕክምና የሚመጥነው ትምህርት አጭር፣ ተደጋጋሚና በሥራ ቦታ የሚሰጥ ነው። በወር አንድ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ፣ በዚያው አምቡ ባግና በዚያው የኦክሲጅን ሲሊንደር፣ ሐኪሙና ነርሱ አብረው ለግማሽ ሰዓት ቢለማመዱ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚወሰድ የአምስት ቀን ስልጠና የበለጠ እጅ ላይ ይቀራል። ልምምዱ ሌላም ነገር ያጋልጣል፤ ሲሊንደሩ ባዶ መሆኑ፣ የሕፃናት ጭንብል መጥፋቱ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ቤቱ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑ የሚታወቀው ታማሚ ሳይመጣ ነው። ዕቃው ከሌለ ትምህርቱ ብቻውን ማንንም አያድንም።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ ትምህርት ቤትም አለ፤ ይኸውም በየሆስፒታሉ የሚካሄደው የጠዋት ስብሰባና የሞት ምክንያት ግምገማ ነው። የእናቶች ሞትን መዝግቦ ምክንያቱን የመመርመርና ምላሽ የመስጠት ሥርዓት በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሥርዓቱ የተመሠረተው ጥፋተኛ ፈልጎ በመቅጣት ላይ ሳይሆን የተሰበረውን የአሠራር ሰንሰለት በማግኘት ላይ ነው፤ እናቲቱ ከቤት ዘግይታ ወጣች? መጓጓዣ አጣች? ወይስ ከደረሰች በኋላ ተገቢውን ሕክምና ሳታገኝ ቀረች? ሦስተኛው ምክንያት ሆኖ ሲገኝ ግምገማው ራሱ ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ተረኛው ሐኪም የሆነውን በግልጽ ለመናገር ሳይፈራ ነው። ስብሰባው የተግሣጽ መድረክ በሆነበት ሆስፒታል መዝገቡ ይስተካከላል እንጂ አሠራሩ አይስተካከልም።

በዓለም ደረጃም ጉዳዩ ትኩረት እያገኘ መጥቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሥርዓት፣ በ2023 ደግሞ ስለ ድንገተኛ፣ ጽኑ ሕሙማንና ቀዶ ሕክምና ቅንጅት የውሳኔ ሐሳቦችን አጽድቋል።

ተገልጋዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

የሐኪሙ ትምህርት ውጤት ለተገልጋዩ የሚታየው በትናንሽ ምልክቶች ነው። በድንገተኛ ክፍል መግቢያ ታማሚው እንደ ሕመሙ ክብደት በቀይ፣ በቢጫ ወይም በአረንጓዴ ይለያል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቀድሞ ቢገባ አድልዎ ተፈጽሟል ማለት ላይሆን ይችላል። አረንጓዴ ተሰጥቶት እየጠበቀ ያለ ታማሚ ግን ትንፋሹ ካጠረ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ንግግሩ ከተለወጠ አስታማሚው ወረፋውን ሳይጠብቅ ለነርሱ መንገር ይኖርበታል፤ እንደገና መታየት መብቱ ነው።

ሐኪሙ በሕክምናው መካከል መመሪያ ቢያነብ፣ በስልኩ የመድኃኒት መጠን ቢያረጋግጥ ወይም ለሌላ ሐኪም ቢደውል አለማወቁን የሚያሳይ ተደርጎ እንዳይወሰድ ያስፈልጋል። በተለይ የሕፃናት መድኃኒት በክብደት የሚሰላ በመሆኑ ሳያረጋግጥ የሚያዝ ሐኪም ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ታማሚውን ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ቢያዩትም ለሕክምናው ኃላፊ የሆነ ከፍተኛ ሐኪም አለ፤ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ፣ ስለሚሰጠው ሕክምናና ስላለው አማራጭ በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አለው። ሰዓቱ አስቸኳይ ከሆነ ማብራሪያው ከሕክምናው በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ተገልጋዩም የሐኪሙን ሥራ ያፋጥናል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ታማሚው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ፣ ቀድሞ የነበረበት ሕመም፣ መጨረሻ የበላበት ሰዓት፣ ከሌላ ተቋም የመጣ ከሆነም የሪፈር ወረቀቱና እዚያ የተሰጠው ሕክምና ተረኛው ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚፈልጋቸው መረጃዎች ናቸው። የባህል መድኃኒት ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የተገዛ ኪኒን ተወስዶ ከሆነም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ አይደለም።

በተሰጠው ሕክምና ላይ ቅሬታ ያለው ተገልጋይ በቅድሚያ ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ወይም ለአገልግሎት ጥራት ክፍል ያቀርባል። መልስ ካላገኘ ወደ ክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ የጤና ተቆጣጣሪ አካል መሄድ ይችላል፤ ጉዳዩ የባለሙያ ስሕተትን የሚመለከት ሲሆን በጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። አቤቱታው ላይ ታማሚው የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የታየበት ክፍል፣ የካርድ ቁጥሩና የሆነው ነገር በቅደም ተከተል ቢጻፍ ምርመራውን ያቀላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ‹‹በዚያ ሰዓት በክፍሉ የነበሩት ባለሙያዎች በድንገተኛ ሕክምና የሠለጠኑት መቼ ነበር?›› የሚል ቢሆን ተቋሙ መልስ ሊኖረው ይገባል።